የእትዬ ቀጥ በይ ጀርባ

እናቴን በስሟ የሚጠራት የለም። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ቀጥ በይ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት መስታወቱ ፊት ስትቆም፣ እናቴ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ትስብና በሁለት ጣቷ ትከሻና ትከሻዋ መሀል ቸብ ታደርጋታለች። «ቀጥ በይ!» የባንክ ሥራ አስኪያጅ ትሁን የቢሮ ጽዳት፣ ትእዛዙ አንድ ነው። ሴትየዋ ትደነግጣለች፣ ቀና ትላለች፣ መስታወቱ ውስጥ ራሷን ታያለች፤ ደስ ይላታል። የእናቴ ሙያ ግማሹ እሱ ነው። ጨርቁን ሳትነካ መጀመሪያ ሴትየዋን ታስተካክላለች።

ሌላው ግማሽ ምስጢር መጠበቅ ነው። አንድ ትከሻዋ ዝቅ ያለባት ጸሐፊ አለች፤ እናቴ በዚያ በኩል ስስ ስፖንጅ ትጨምርላትና እኩል ታደርጋታለች። ሆዷ የሚያሳፍራት ርእሰ መምህርት አለች፤ ለእሷ ደግሞ ስፌቱን ወደ ጎን ታሸሽላታለች። እናቴ ስለ ገላቸው የምታውቀውን ባሎቻቸው አያውቁትም። ትንፍሽ ብላ አታውቅም። የእኔ አፍ ግን ስፌት ስለሌለው ይኸው አወራላችኋለሁ።

በዚያ ስፌት ቤት ውስጥ ለእኔ ያልተፈቀደልኝ ነገር መቀሱ ብቻ ነበር። መተኮስ ይቻላል። መተርተር፣ ቁልፍ መትከል፣ መጥረግ፣ በቀጠሮ ቀን «ነገ ይደርሳል» እያሉ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ይቻላል። መቁረጥ ግን የእሷ ነው። «የሰፋሽው ቢበላሽ ትተረትሪዋለሽ» ትለኛለች፣ «የቆረጥሽውን ምን ልታደርጊው ነው?» አስተምሪኝ ስላት «ጊዜ ሲኖረኝ» ነው መልሷ። ጊዜ ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሰው የጣለውን ኮትና ቀሚስ እየተረተርኩ፣ እያንዳንዱን ብጣሽ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን እየሳልኩ። አሁን በመንገድ የምታልፍ ሴት ባይ ልብሷ እንዴት እንደተቆረጠ ልነግራችሁ እችላለሁ። ማን እንዳበላሸውም ጭምር።

ካውያው ስር ያየሁትን ነገር ያወቅኩትም በዚሁ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እናቴ አንድ ጣቃ ሱፍ ከወለሉ ላነሳ ብላ ጎንበስ አለችና «እህ» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ቀና ስትል ፊቷ የታጠበ ገበር መስሏል።

«ምን ሆንሽ?»

«ወገቤን ነካ አደረገኝ። ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ወዲህ ልታስነጥስ ስትል ጠረጴዛ ትይዛለች። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጢም ብሎ የሞላ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ነው። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ በስሱ ግድግዳችን በኩል ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። ስጠይቃት አንድ ቀን ብርድ ነው ትላለች፣ አንድ ቀን ፍራሹ ነው ትላለች፤ በሦስተኛው «አንቺ ነሽ ያሳመምሽኝ፣ ጥያቄሽ!» ብላ ዘጋችኝ።

ታዲያ ግራጫ ቀሚሷን ልተኩስ ዘረጋሁት። ተኩሼ ሳጥፍ ሁልጊዜ ፊቱንና ኋላውን እገጥማለሁ። አልገጠመም። የኋላው ከፊቱ በአራት ጣት ይረዝማል። እናቴ እንዲህ ያለ ስህተት አትሠራም፤ ለወንበር ልብስ ብትሰፋ እንኳ ጠርዙ ከወለሉ እኩል ነው። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ቡኒው ቀሚስም ያው፣ ትንሽ ያንሳል። ከእሱ በፊት የሰፋችው ሰማያዊ ከዚያም ያንሳል። አባቴ በሕይወት ሳለ ትለብሰው የነበረውን አረንጓዴ ከታች አወጣሁት። ፊትና ኋላው ልክ ነው።

እጄ ላይ ያለው ቀሚስ ከበደኝ። ጀርባ ሲጎብጥ ልብስ ከኋላ ይሰቀላል፣ ከፊት ይወርዳል። ጀርባዋ ዘመም ያለ ደንበኛ ስትመጣ እናቴ የኋላውን ታስረዝምላታለች፤ ጠርዙ እኩል ይሆናል፣ ማንም አይነቃባትም። የራሷንም ጀርባ እንደ አንዲት ደንበኛ ይዛው ኖራለች። በየቀሚሱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች፣ ምስጢሯን እየጠበቀችላት።

ቀሚሱን ይዤ ወጣሁ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ቀና ሳትል «ሞድ ነው» አለች።

«የት አገር ያለ ሞድ?»

«አንቺ የማትደርሺበት።»

«እማዬ፣ ጀርባሽን ልየው።»

«የራስሽን እዪ።»

«የራሴን ማየት አልችልም፤ ከኋላዬ ነው።»

«የእኔም ከኋላዬ ነው» አለች። «ለዚህ እኮ ነው ያላየሁት።»

ሳቅኩ። እሷም መሳቅ ጀመረችና ሳቋ መሀል ላይ ወጋትና ጠረጴዛውን ጨበጠች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እናቴ ስታለቅስ አይቻት የማውቀው አባቴን የቀበርን ቀን ብቻ ነው።

ብቻዬን አልቻልኳትም። ከጎናችን ሱቅ ያለውን ቁልፍ ቀራጭ ጠራሁት። ጋሼ ነው የምለው፤ እሱ ደግሞ እኔን «አንቺ ምላስ» ይለኛል። አሮጌ መኪናውን በራችን ላይ አምጥቶ አቆመና «እትዬ፣ በሕይወቴ ያልከፈትኩት ቁልፍ የለም፤ ያንቺ ጭንቅላት ግን አቃተኝ» አላት። «ነይ ውጪ፣ ሰው ሳያይሽ ወስጄ ሰው ሳያይሽ እመልስሻለሁ።» የያዛትን ነገር አውቆታል። ሰው ሳያያት የሚለውን ስትሰማ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከሁሉ በፊት ቁመቷን ሊለካ አንድ ነርስ ግድግዳ ስር አቆማት።

«ድሮ ስንት ነበሩ እናቴ?»

«ድሮ ብሎ ነገር የለም። አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት ነኝ።»

ነርሱ እንጨቱን አናቷ ላይ አሳረፈ። «አንድ ከሃምሳ ስድስት።»

«ግድግዳህ ላይ የለጠፍከው ሜትር ልክ አይደለም!» አለች እናቴ። «ሰባት ሴንቲ ከየት ይጠፋል? ሰባት ሴንቲ እኮ አንድ ሙሉ ኮሌታ ነው! ነይ አንቺ፣ በእኔ ለኪኝ።» ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ከአናቷ እስከ ተረከዟ ለካኋት። አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት።

የጨርቅ ሜትር በመሳብ ብዛት ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሁሉን አሳጥሮ ያነባል። በአንድ ሜትር ለክቶ በዚያው የሚቆርጥን ሰው አይጎዳም፣ ቀሚሱ ልክ ይወጣል። እናቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ እዚያ ግድግዳ ስር ቆማ ግን ረስታው ነበር። ነርሱ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው።

«በአንተው ይሁን በቃ» አለችው ቀስ ብላ። «አንዷ ሴንቲም ታስፈልገኛለች።»

ዶክተሯ በእኔ ዕድሜ ብትሆን ነው፤ የጋውኗ ኪስ በአንድ በኩል ተተርትሯል። ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለችው። የአከርካሪ አጥንት እንደ ተደረደሩ ትንንሽ ሳጥኖች ነው የሚታየው። አንዱ ሳጥን ከፊት በኩል ተደፍጥጦ ልክ እንደ በር ማቆሚያ ሽብልቅ ሆኗል። ከሱ በላይ ሁለት ሌሎችም ዝቅ ዝቅ ብለዋል።

«ይቺ የሰሞኗ ናት» አለች ዶክተሯ። «እነዚህ ሁለቱ ግን የቆዩ ናቸው። ያኔ አላመመዎትም?»

«አሞኛል። ወገቡን የማያመው ሰው አለ እንዴ?»

«እናቴ፣ አጥንትዎ ሳስቷል። የአጥንት መሳሳት ይባላል። ሰው የሚሰበረው ወድቆ ይመስለዋል፤ እንዲህ የሳሳ አጥንት ግን ዕቃ ሲያነሱ፣ ጎንበስ ሲሉ፣ ሲያስነጥሱም ይደቃል።»

እናቴ ራጁን እንደ ጨርቅ በመብራቱ አሻግራ አየችው። «እንደ አሮጌ አንሶላ» አለች። «ደህና ይመስላል፤ ጣትሽን ስታሳርፊበት ይቀደዳል።»

«ልክ እንደዚያ።»

«ታዲያ አሮጌ አንሶላ አይጣፍም። ለሁለት ቀዶ ዳርና ዳሩን መሀል ላይ መግጠም ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ ለማሾፍ ግን አልነበረም። ወንበሯን ሳበችና ጉልበቷ የእናቴን ጉልበት እስኪነካ ቀርባ አስረዳቻት። አብዛኛው እንዲህ ያለ ስብራት በሁለትና በሦስት ወር ይድናል። ማስታገሻ ትወስዳለች፤ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የሚደርስ መታጠቂያ ታደርጋለች። አልጋ ላይ መዋል ግን የለም፤ የተኛ አጥንት ይብሱን ይሳሳል፤ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አለ። አጥንቱ ከዚህ በላይ እንዳይሳሳ ደግሞ በሳምንት አንድ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ የሚዋጥ ኪኒን አለ። «ከዋጡት በኋላ ግማሽ ሰዓት መጋደም አይፈቀድም። ቀጥ ብለው ነው የሚቆዩት፤ አለበለዚያ ጉሮሮ ያቃጥላል።»

«ሰማሽ?» አልኳት። «ቀጥ በይ ተብለሻል።»

በዓይኗ ጠቀጠቀችኝ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «መቁረጥስ? ጨርቅ ነው የምቆርጠው። ጠረጴዛ ላይ።»

«ጎንበስ ብለው ነው?»

«ጨርቅ ቆሞ አይቆረጥልኝ።»

«ለጊዜው አይሆንም።» ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጎንበስ፣ ከባድ ማንሳት፣ ወገብን መጠምዘዝ አይሆንም። አንዱ አጥንት ሲደቃ ጭነቱ ለሚቀጥለው ይተርፋል። ሌላ ከተጨመረ ቀና ብለው መሄድ ራሱ ሊያቅትዎት ይችላል። አሁን ያለዎትን ቁመት እንጠብቀው ነው የምልዎ።»

በመኪናው ውስጥ፣ ሰፈራችን ልንደርስ ስንል እናቴ «ጎባጣ ልብስ ሰፊ ጋ ማን ይመጣል?» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለመስኮቱ።

ጋሼ «መነጽር ያደረገ የዓይን ሐኪም ጋ ማን ይሄዳል? ሁሉም ይሄዳል» አላት።

«አንተ ቁልፍህን ቅረጽ።»

መታጠቂያውን ስታይ ያለችው ደግሞ «ማነው የሰፋው? ጆንያ እኮ ነው!» ነበር። ከኋላ ሁለት ብረት ገብቶበታል፣ ከፊት በሦስት ቀበቶ ይጠበቃል። ከውስጥ የሚለበስ ለስላሳ የጥጥ ሰደርያ ሰፋሁላት፤ ብብቷን እንዳይቆርጣት። «ስፌቱ ደህና ነው» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ግን የሰፋሁት ለከንቱ ነበር። ደንበኛ በር ላይ ስትደርስ መታጠቂያው ይፈታል፣ ከብጣሽ ክምሩ ስር ይገባል፣ እናቴ ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ትላለች፤ ሴትየዋ ስትወጣ በላብ ተዘፍቃ ወንበሩ ላይ ትወድቃለች።

«ቢያዩሽ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«አንቺ የጎበጠች ሴት 'ቀጥ በይ' ብትልሽ ትሰሚያታለሽ?»

ሌላ ነገር አነሳሁ። «እሺ ጠረጴዛውን ከፍ እናድርገው። ጎንበስ ሳትዪ ትቆርጫለሽ።»

«አባትሽ በእኔ ልክ የሠራው ጠረጴዛ ነው። እዚችው ቆሜ፣ ወገቤ ድረስ ለክቶ። አይነካም።»

«እሱ የለካት ሴትዮ ሰባት ሴንቲ ትበልጥሻለች!»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔንም ወጋኝ። እናቴ ግን አልተቆጣችም። ጠረጴዛውን በመዳፏ አበሰችው፣ አቧራ ያለበት ይመስል። «ታዲያ እሷን ነው የምጠብቃት» አለች።

«እንግዲያው እኔ ልቁረጥ።»

«ጊዜ ሲኖረኝ አስተምርሻለሁ።»

«ተምሬያለሁ!»

«ከማን?»

«ሰው ከጣለው ልብስ።»

«ያስታውቃል» አለችና መቀሱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችበት።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ርእሰ መምህርቷ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ይዛ መጣች፤ ለትምህርት ቤቱ የምረቃ ቀን የምትለብሰው ሙሉ ልብስ። እናቴ ለካቻት፣ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት፣ «ለቀኑ ይደርሳል» አለቻት። እኔ ዚፕና ክር ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ የመቀስ ድምፅ አልነበረም። ስትሠራ የምትከፍተው ሬዲዮም ዝም ብሏል።

እናቴ ጠረጴዛው ላይ በደረቷ ተደፍታለች። መቀሱ እጇ ላይ ነው፤ ግማሽ መንገድ ቆርጦ ቆሟል። መታጠቂያው ወንበሩ ላይ እንደ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«አትንኪኝ» አለች፣ ፊቷ ሱፉ ውስጥ እንደተቀበረ። «መነሳት አቃተኝ።»

«እማዬ!»

«ሰው ከመጣ በሩን ዝጊው።»

በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ግድግዳውን በቡጢዬ ደበደብኩት፤ ጋሼ ከነሽርጡ መጣ። ከሁለት ወገን ይዘን፣ የልብስ መተኮሻውን ሰሌዳ ከጀርባዋ አስደግፈን አስተኛናት። አንዲት ድምፅ ብቻ አወጣች፤ እሷን እዚህ አልጽፋትም።

ዶክተሯ በሁለተኛው ምርመራ ሌላ አጥንት አለመሰበሩን ነገረችን፤ ነርቭም አልተነካም። ያቺው የሰሞኗ ግን ይበልጥ ወርዳለች፣ እየጠገገችም አይደለም። ሳምንታት አልፈው እናቴ በመድኃኒት እንኳ መቀመጥ አልቻለችም። «ሲሚንቶ እንሞክር» አለች ዶክተሯ። «ለሁሉም ሰው የሚደረግ አይደለም፤ ለእርስዎ ግን ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በሆድዎ ይተኛሉ፣ ቦታው ይደነዝዛል፣ በራጅ እያየን በቀጭን መርፌ የደቀቀው አጥንት ውስጥ እናስገባዋለን። እዚያው ይደርቃል። አልፎ አልፎ ወደ ውጭ ሊፈስ ይችላል፤ እሱን ነው የምንጠነቀቀው። ሌሎቹን አጥንቶች ግን አያጠነክራቸውም። ቁመትዎንም አይመልስም። ሕመሙን ነው የሚያበርደው።»

«ሲሚንቶ?» አለች እናቴ። «የግንበኛው ሲሚንቶ?»

«እትዬ፣ ከእንግዲህ ፎቅ ነሽ» አላት ጋሼ። «ኪራይ እንዳትጨምሪብን ብቻ።»

ሊያስቃት ሲሞክር ድምፁ ተሰነጠቀ። እናቴ አየችው። «ሂድና ሱቅህን ክፈት» አለችው፤ በእሷ ቋንቋ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆና ኮሪደሩን ስትሄድ እጄን ያዘችኝ። ስለ ሞት ልታወራ መሰለኝ።

«የርእሰ መምህርቷ ሱፍ ግማሹ ተቆርጧል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«የፊቱን ነው የቆረጥኩት። የኋላውስ እንዴት ነው የሚቆረጠው?»

እንደ ፈተና ነው የጠየቀችኝ። ከአልጋው ጎን እየሄድኩ መለስኩላት። «ስፌቱን ወደ ጎን አሸሸዋለሁ። ሆዷ ፊት ላይ ምንም መስመር አይወርድም። ከኋላ ወገቧ ላይ ትንሽ አላላዋለሁ፤ ስትቀመጥ እንዳይስባት፣ መድረክ ላይ ብዙ ትቀመጣለች።»

«ይሄን ከየት አየሽው?»

«ከአንቺ ልብሶች። የምትጥዪውን ሁሉ ተርትሬዋለሁ።»

እናቴ ጣሪያውን አየች። በሩ ተከፈተ። አልጋውን የምትገፋው ነርስ «እዚህ ይቁሙ» አለችኝና እናቴን ይዛት ገባች። እናቴ አድርጊው አላለችኝም፤ ተዪው ግን አላለችኝም።

ስፈራ የሰው ልብስ እተቻለሁ። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ያልተቸሁት ሰው የለም። እጅጌው የተንሻፈፈውን፣ ኪሱ የተገለበጠውን፣ ከሩቅ የሚጮህ ገበር ያስገባውን። ዶክተሯ በሩን ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ ያየሁት የጋውኗን ኪስ ነው። አሁንም እንደተተረተረ ነው። «ጥሩ ሆኗል» አለችኝ። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አወጣሁና እዚያው እንደቆመች ሰፋሁላት። ሌላ የማደርገው ነገር አጥቼ ነው። እሷም ገብቷት ነው መሰለኝ እስክጨርስ ቆመችልኝ።

እናቴ በማግስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አለ ሕመሙ» አለች፣ ውስጧን እያዳመጠች። «ስለቱ ግን ሄዷል። የደነዘ መቀስ ሆኗል።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ከአልጋ መነሳት አስተማረቻት፤ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ፣ ወገብ ሳይጠመዘዝ። «እንደ ግንድ ይገልበጡ» ስትላት እናቴ «እንደ ጣቃ በይኝ፣ ግንድ አላውቅም» አለቻት። እንደ ጣቃ ተገላበጠች። ዕቃ ለማንሳት ጉልበት እንጂ ወገብ እንደማይታጠፍ፣ ጀርባዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በየቀኑ መሥራት እንዳለባት ተማረች። እየተራገመች ሠራችው። ግን ሠራችው።

እቤት ስንገባ የርእሰ መምህርቷ ልብስ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። ሆስፒታል ሳለች ማታ ማታ የኋላውን ቆርጬ፣ ገጥሜ፣ ሰፍቼ። እናቴ ተኝታ እንኳ መቀሱን አስቆልፋኝ ቁልፉን ይዛው ስለሄደች፣ መሳቢያውን የከፈተልኝ ጋሼ ነው፤ ለዚህ ለዚህ ቁልፍ ቀራጭ ጎረቤት ይጠቅማል። እናቴ ልብሱን ገልብጣ ገበሩን አየች፣ ጠርዙን በጣቷ ተከተለች፣ ወገቡን ሳበችው።

«መሳቢያውን ማን ከፈተው?» አለች።

«ጋሼ።»

«ሌባ» አለች። ልብሱን መልሳ ሰቀለችው። ስለ ስፌቱ ምንም አላለችም። ጉድለት ብታገኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ታወራልኝ ነበር።

ርእሰ መምህርቷ ልብሷን ልትለካ ስትመጣ እናቴ መታጠቂያውን ለመፍታት እጇን ወደ ቀበቶው ሰደደች። አየኋት። አየችኝ። እጇን መለሰች። ሴትየዋ ገባችና ከቀሚሷ በላይ የታሰረውን ብረትና ቀበቶ አየች። ለዓመታት ሆዷን የደበቀችላትን ሴት ምን ትበላት? መስታወቱ ፊት ሄዳ ቆመች፣ ማንም ሳይነካት ቀጥ አለች፣ «ዝግጁ ነኝ እትዬ» አለች። እናቴ ከወንበሯ ሳትነሳ አገጯን ወደ እኔ ወረወረች። «እሷ ትለካሻለች።»

ደንበኛዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን ወይን ጠጅ ጨርቅ አስወጣችኝ። ቀስ ብላ ተነሳችና መስታወቱ ፊት ቆመች። ከዚያ በፊት እናቴን ለልብስ የለካት ሰው አላውቅም፤ የራሷን ልክ በቃሏ ነበር የምትይዘው።

«ለኪኝ። ከመታጠቂያው በላይ የሚለበስ። ሰፋ ያለ፣ ደግሞ ድንኳን እንዳይሆን።»

በተለጠጠው ፋንታ የገዛሁትን አዲስ ሜትር አወጣሁ። ከኋላዋ ቆምኩ። የማጅራቷ አጥንት፣ ከሱ በታች ክብ እያለ የሚወጣው ጀርባዋ፣ የመታጠቂያው ብረት። ሁለት ጣቴ ሳላዘው ተነስቶ ትከሻዋ መሀል ሊያርፍ ደረሰ።

«በይ እንጂ» አለች በመስታወቱ እያየችኝ። «የሚባለውን በይ።»

«እንዳለሽ ቁሚ» አልኳት።

ለካኋት። የኋላው ከፊቱ በስንት እንደሚረዝም ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ አልተከራከረችኝም። በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ አሰመርኩት። መሳቢያውን ራሷ ከፈተችና መቀሱን በእጀታው በኩል ሰጠችኝ። ከባድ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አልኩና ጀመርኩ፤ ጥርት ያለ፣ ረጅም ቁራጭ፣ ድምፁ ራሱ ይጣፍጣል። አንድ ጎኑን ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስዞር ትከሻዎቼ መሀል ሁለት ጣት ቸብ አደረገኝ።

«ቀጥ በይ!»

ደነገጥኩ። «መስመሩን ሳትኩ እንዴ?»

«መስመሩ ደህና ነው። ጀርባሽ ነው።» ከጎኔ ቆማ ጠረጴዛውን ታያለች። አንዱን ጥግ በመዳፏ አበሰችው። «ይሄ ነገር ዝቅ ብሏል።»

«አባዬ በልክሽ…»

«እኔን ነው የለካው። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ሂጂ ያንን ሌባ ጥሪው። እግሮቹ ስር እንጨት ይግባላቸው። ጎንበስ ሳትዪ እንድትቆርጪ። እኔም… አልፎ አልፎ።»

«ቆርጬ ልጨርስና…»

«አንቺ ልጅ፣ መቀሱን አስቀምጪ ብያለሁ!»

ጋሼ አራት የእንጨት ቁራጭ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ስር ገባ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በግምት ሊያስቀምጥ ሲል እናቴ ከላይ ጮኸችበት። «በዓይን አይለካም! ነይ አንቺ፣ ወገብሽን ስጪኝ።» አዲሱን ሜትር ከአንገቴ ላይ ሳበችና፣ ጉልበቷን እንጂ ወገቧን ሳታጥፍ፣ ቀስ ብላ፣ እንደተማረችው፣ ዝቅ አለች።